የቤታችንን መግቢያ በቤተሰባችን ውሎ ልክ ማደራጀት፦ ለድሬዳዋ ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

በር ላይ ጫማ የሚከመረው መደርደሪያው ጫማው ከሚወልቅበት ቦታ ስለሚርቅ ነው። ቁልፍ የሚጠፋው ሰው ሲገባ እጁ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጫ ስለሌለ ነው። በየቤቱ ጠዋት ጠዋት የምንሰማው «ማን አነሳው? የት ጣልሽው?» የሚል ጭቅጭቅ ከዚህ ይመጣል። ቁጣ ለውጥ አያመጣም። ቦታውን ማስተካከል ግን ያመጣል።

ይህ መመሪያ ለድሬ ቤት የታሰበ ነው። ስልካችን ላይ የምናያቸው ያማሩ መግቢያዎች ብርድና በረዶ ላለበት አገር የተሠሩ ናቸው። ካፖርት መስቀያ፣ ዝግ ቁም ሳጥን፣ ወፍራም ምንጣፍ። እኛ ጋ በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። አቧራ አለ፣ ሙቀት አለ፣ በርሜል አለ፣ ከሰዓት የሚመጣ እንግዳ አለ። ሐረር ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል፤ ስለ ሙቀት የምለውን ብቻ ቀለል አድርጋችሁ ውሰዱት።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ቤተሰብ እናስብ። ሳቢያን ውስጥ በግቢ ቤት ይኖራሉ። አባት ባጃጅ ይነዳል። እናት አስተማሪ ናት። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ወንዱ ሁለተኛ ክፍል፣ ሴቷ ስምንተኛ ክፍል። አያትም አብረው ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ኪዳን ግን አያስታጉሉም።

1. ምንም ሳትገዙ አንድ ሳምንት ተመልከቱ

አንድ ወረቀት በሩ አጠገብ ለጥፉ። ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣና እንደሚገባ፣ በእጁ ምን እንደያዘ፣ ሲገባ የት ላይ እንደጣለው ጻፉበት። ዓርብና እሑድ እንዳይቀሩ። የጁምዓና የቅዳሴ ቀን ውሎ ከሌላው ቀን ይለያል።

በምሳሌያችን ቤት ወረቀቱ እንዲህ ሊመስል ይችላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አያት ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። ልጆቹ እንዳይነቁ ብለው መብራት አያበሩም፤ ጫማቸውን የሚፈልጉት በዳበሳ ነው። 12 ሰዓት ላይ አባት ይነሳል። ቁልፍ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ዝርዝር ብር፣ የሚጠጣ ውሃ። ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ እናትና ሁለቱ ልጆች በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ይጋፋሉ። ቀትር ላይ ሁሉም ላብ በላብ ሆነው ይመለሳሉ። አባት ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ያገለድማል፤ ሱሪው ሶፋ ላይ ይቀራል። ከሰዓት እንግዳ ይመጣል። ማታ ቤተሰቡ በሙሉ በረንዳ ላይ ነው።

ወረቀቱ ሲሞላ ሁለት ነገር ፈልጉበት። አንደኛው፣ ዕቃ በየቀኑ የሚጣልበት ቦታ ነው። የልጁ ቦርሳ ሁልጊዜ የሶፋው ጫፍ ላይ ከተገኘ፣ ልጁ ቦታውን መርጧል ማለት ነው። ማንጠልጠያውን ወደዚያ አምጡለት። ሰውን ወደ ዕቃው ቦታ ከመጎተት ዕቃውን ወደ ሰው መንገድ ማምጣት በጣም ይቀላል። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህቺን ያዙልኝ። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚጋፋበት ሰዓት ነው። መግቢያችሁ ይብቃ አይብቃ የሚለካው በዚያ ሰዓት እንጂ ቤቱ ጭር ሲል አይደለም።

2. መግቢያው ከየት እንደሚጀምር ወስኑ

በግቢ ቤት መግቢያው የሚጀምረው ከግቢው የብረት በር ነው። ከዚያ መተላለፊያው አለ፤ በረንዳው አለ፤ የሳሎኑ በርና ከበሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ አለ። ከዚራ ያሉትን የባቡር ዘመን ቤቶች ያየ ሰው በረንዳቸው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያውቃል። ጥላው ግድግዳውን ከፀሐይ ይጠብቀዋል፤ ሰውም ሳሎን ከመግባቱ በፊት አረፍ ይልበታል። ድሬ ላይ በረንዳ የቤቱ ግማሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ ሥራውን በሦስት ክፈሉት። እርጥብና አቧራ ያለበት ነገር ግቢ ውስጥ ይቅር። ጫማ፣ መቀመጫና ዘንቢል በረንዳ ላይ ይሁኑ። ቁልፍ፣ ወረቀት፣ ስልክና ልብስ ከበሩ ወደ ውስጥ ይግቡ።

አሁን ጠመኔ ያዙ። በሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱና የሚዞርበትን መስመር ወለሉ ላይ አስምሩ። በዚያ ክብ ውስጥ ምንም ዕቃ አይቆምም። ከዚያ ከግቢ በር እስከ ሳሎን የሰው መንገድ አስምሩ። ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ። አልጋና ፍራሽ የሚወጣው በዚያ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ደጅ የምትተኙ ከሆነ ይህ መንገድ በየማታው ያስፈልጋችኋል። ከጠመኔው መስመር ውጭ የቀረው ግድግዳና ጥግ ነው የእናንተ መሥሪያ ቦታ።

በረንዳ የሌለው፣ በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት ቤት መጋላ አካባቢ ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ ከበሩ ጀርባ አንድ ሜትር ያህል ለመግቢያ ለዩና ወለሉን በሌላ ቀለም ለዩት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ኮሪደሩ የጋራ ነውና ጫማም ከሰልም አታውጡበት። ሰው በእሳት ጊዜ የሚሸሽበት እሱ ነው።

3. ጫማ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። ጫማው ከተስተካከለ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለ ነባር የአደሬ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትረግጡት ዝቅ ያለውን ወለል ነው። ሰው የሚቀመጥበት ነደባ ከዚያ በእርከን ከፍ ይላል። ጫማው ከታች ይቀራል፤ ሰውየው ወደ ላይ ይወጣል። ማንም «ጫማ አውልቅ» ማለት አያስፈልገውም፤ እርከኑ ይናገራል። እኛም ይህን እንውሰድ። በረንዳችሁና ሳሎናችሁ መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ደረጃ ካለ፣ የጫማው ቦታ ከደረጃው በታች ነው። ደረጃ ከሌለ በሴራሚክ ቀለም ወይም በሰሌን ለዩት። እንግዳው ዓይቶ ይገባዋል።

በር ላይ የሚቀመጠው በዚህ ሳምንት የሚደረግ ጫማ ብቻ ነው። ለሰው ሁለት ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ የሚወጣበትና ነጠላ ጫማ። የበዓል ጫማ መኝታ ቤት ይግባ። ለአምስት ሰው አሥር ጥንድ ማለት ነው። የአዋቂ አንድ ጥንድ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሦስት ረድፍ መደርደሪያ አሥራ ሁለት ጥንድ ይችላል። የቀረው ቦታ የእንግዳ ነው። እንዲሞላ አትፍቀዱ።

መጠኑ እንዲህ ይሁን። ወደ ውስጥ ጥልቀቱ ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር። በረድፍና ረድፍ መካከል 18 ወይም 20። የመጨረሻው ረድፍ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ መጥረጊያ በሥሩ ይገባል፣ የክረምት ውሃ ቢገባም ጫማው አይረጥብም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረሰውን ጉዳት የድሬ ሰው አይረሳውም። እንዲያ ያለውን ጎርፍ መደርደሪያ አያስቆመውም፤ ግን ከግቢ የሚገባ ተራ ጎርፍ በየክረምቱ አለ።

ዝግ ሳጥን አትሥሩ። በኛ ሙቀት የላብ ጫማ ዝግ ውስጥ ሲውል ይሸታል፤ በረሮም ቤት ያደርገዋል። ክፍት ይሁን። ረድፉም ጠፍጣፋ ላሜራ ሳይሆን በቀጭን ብረት የተደረደረ ይሁን፤ አቧራው ወደ ታች ይረግፋል።

ረድፉን ስታከፋፍሉ ትንሹ ልጅ ከታች ይሁን። አያት ግን ከታችም ከላይም አይሁኑ። የእሳቸው ጫማ በመካከለኛው ረድፍ፣ በመቀመጫው በኩል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። በጨለማ እጃቸውን ሲሰዱ ማግኘት አለባቸው። መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው። ከዚያ ዝቅ ያለ በርጩማ ለሚያመው ጉልበት ፈተና ነው። ከጎኑ ግድግዳው ላይ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አንድ የብረት መያዣ ብታስበይዱ፣ ለመነሳትም ለደረጃውም ይሆናቸዋል። ይህ ትንሽ ነገር ስለሚመስል ብዙ ሰው ያልፈዋል። እኔ ግን ከመደርደሪያው በፊት ይቅደም እላለሁ።

4. የሚንጠለጠለው

የልጅ ማንጠልጠያ ሲሠራ ሁሌም ከፍ ይላል። የሚሰቅለው አዋቂ በራሱ ቁመት ይለካዋላ። ልጁን ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ትከሻው ላይ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ነው። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ አንድ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ለአዋቂ ከ160 እስከ 170 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ማንጠልጠያ ስጡ፤ አንዱ ለቦርሳ፣ አንዱ ለዩኒፎርም። የምሳ ዕቃውና ኮዳው ሥሩ ባለች ጠባብ መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ። ደንቡ አንድ ነው። ቦርሳው ተዘጋጅቶ ሳይሰቀል እንቅልፍ የለም።

ነጠላና ሂጃብ ከሱሪና ከሸሚዝ ይለዩ። ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ መስጊድም ሲኬድ የሚለበስ ልብስ ላብ ከነካው ልብስ ጋር አይታመስም። ለሽርጡና ለድሪያው፣ ማለትም ለሰፊው ስስ የሴት ቀሚስ፣ ደግሞ ወደ ጓዳ በሚያስገባው በር በኩል የራሱ ማንጠልጠያ ይኑር። አባት ሱሪውን ሶፋ ላይ የሚተወው ሽርጡን የሚያገኘው ሌላ ክፍል ስለሆነ ነው። ሽርጡ የተሰቀለበት ላይ ሱሪው ይሰቀላል፤ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አንድ ማንጠልጠያ ለብቻው በምስማር ከተመታ ቦርሳው ሲከብድ ይነቀላል። አንድ ጣውላ ግድግዳው ላይ በፊሸር በደንብ አሳስራችሁ ማንጠልጠያዎቹን ጣውላው ላይ ምቱ። የጭቃ ቤት ከሆነ ጣውላው ከውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ላይ ይመታ።

5. ቁልፍ፣ ወረቀት፣ ስልክ

በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት በሆነበት ከተማ ቁልፍ ከደጅ በሚታይ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። የግቢው በር ላይ ቁማችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከዚያ የማይታየውን ግድግዳ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በሩ ያለበት ግድግዳ ራሱ በውስጥ በኩል ነው። ቁልፍ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የዝርዝር ብር ቆርቆሮ፣ የመብራት ካርድ እዚያ ይሁኑ። ከፍታው 150 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ትንሽ ልጅ በቀላሉ አይደርስበትም። ፍርግርግ በር ካላችሁ ከፍርግርጉ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። በሽቦ ቁልፍ ስበው የሚያወጡ አሉ።

ሶኬትም እዚያው አካባቢ ቢኖር ደስ ይላል። ስልክና ቻርጅ የሚደረግ አምፖል አንድ ላይ ይውላሉ፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ እጅ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

6. ውሃ፣ እግርና ትንኝ

ከውጭ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ፊቱንና እግሩን መለቅለቅ ነው። ውዱ ለሚያደርግ ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ ነው። ስለዚህ የመታጠቢያው ቦታ ከጫማው በፊት፣ ግቢ ውስጥ፣ በመንገዱ ዳር ይሁን። ቧንቧ ከሌለ ባፍና ማስታጠቢያ ይበቃል። ወለሉ ሊሾ ከሆነ በሜትር አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውሃ መውረጃው ያዘንብል። ከመታጠቢያው እስከ በሩ ባለው መሬት ላይ ሸካራ ድንጋይ ብታነጥፉ እግር ሳይቆሽሽ ይደርሳል። ወለሉ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ እንዳይሆን። የድሬ ውሃ ማዕድኑ ብዙ ነው፤ ሲደርቅ ነጭ ጥለት ይተዋል። ደብዘዝ ያለ ፈካ ያለ ቀለም ይሻላል፤ እርጥብ ሲሆንም አያንሸራትትም።

አሁን ወደ በርሜሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜልና ጄሪካን በር አካባቢ ይደረደራል። ይህ የቦታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤና ነው። ድሬ ዴንጊን በ2006 ዓ.ም.፣ ቺኩንጉንያን በ2011 ክረምት አይታለች። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ፣ ኤዲስ፣ የምትራባው ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው፤ የምትናከሰውም ቀን ነው። በ2014 ዓ.ም. በበጋ ደግሞ ከተማዋ ላይ ወባ ሲነሳ ከምክንያቶቹ አንዷ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ነበረች። እሷም እንደዚያችኛዋ በርሜልና ታንከር ትወዳለች። ክረምት እስኪመጣ አትጠብቅም።

ስለዚህ በርሜሉን ሰው ከሚቀመጥበት በረንዳ አርቁት። ከታች በኩል ቧንቧ አስገጥሙለት፤ ያኔ ለእያንዳንዱ ጆግ ክዳኑ አይከፈትም። ክዳኑ ካልገጠመ ጨርቅ አልብሳችሁ በላስቲክ እሰሩት። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ውሃውን ጨርሳችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። የኤዲስ እንቁላል ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ውሃ መቀየር ብቻ አያስወጣውም። የአበባ ማሰሮ ሥር ያለውን ሳህንም አትርሱ።

7. በሩ፣ ነፋሱና መብራቱ

ከተቻለ ሁለት በር ይኑር። ውጭ የብረት ፍርግርግ በሽቦ ወንፊት የተለበጠ፣ ውስጥ ሙሉው በር። ሙሉው ተከፍቶ ፍርግርጉ ሲዘጋ ነፋስ ይገባል፤ ትንኝ፣ ድመትና የማይታወቅ ሰው አይገባም። ነፋሱ ከበሩ ገብቶ በኋላ መስኮት ይወጣል፤ በዚያ መስመር ላይ ከወገብ በላይ የሆነ ቁም ሳጥን አታቁሙ።

በራችሁ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከ8 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትገባለች። የላሜራ በር ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ለዚያ ፀሐይ ሲጋለጥ እጀታው የልጅ እጅ ያቃጥላል። ነጭ ወይም ክሬም ቀቡት፤ እጀታውን በእንጨት ወይም በገመድ አስጠቅልሉት። ጥላ ለመጣል ኒም ዛፍ ድሬን የለመደ ነው። እስኪያድግ ሰሌን ብትዘረጉም ይሆናል።

የበረንዳውን አምፖል ከበሩ ራስ ላይ አንሱትና ሁለት ሜትር ያህል ወደ ጎን ውሰዱት። ነፍሳቱ ብርሃኑን ተከትለው እዚያ ይሰባሰባሉ፤ በሩ ነፃ ይሆናል። ለአያት የሌሊት መውጫ ደግሞ በጉልበት ከፍታ አንዲት ደብዛዛ መብራት በቂ ናት። የልጆቹን እንቅልፍ አትነካም።

8. የእንግዳ ቀን

ከሰዓት በኋላ ጨዋታ የሚደምቅበት ቤት ከሆናችሁ ትርፍ ነጠላ ጫማ በዘንቢል አስቀምጡ። እንግዳው ወደ መታጠቢያ ሲነሳ የማንንም ጫማ አይዋስም። በለቅሶ፣ በሰርግና በበዓል ግን ሰላሳ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ መደርደሪያውም መቀመጫውም ተነስተው ጥግ መሄድ አለባቸው። በሲሚንቶ የተሠራ መቀመጫ ያምራል፤ በሩ ላይ ግን አልመክርም። ሁለት ሰው የሚያነሳው ይሁን።

9. ከማሠራታችሁ በፊት በካርቶን ሞክሩ

መደርደሪያው የሚቆምበት ላይ በልኩ ካርቶን አስቀምጡ። መቀመጫ ከሌለ ወንበር አቁሙ። ለማንጠልጠያ ምስማር ይበቃል። ለጥቂት ቀን ኑሩበት። ካርቶኑን የሚገፋው ሰው ካለ ቦታው ስህተት ነው፤ አንቀሳቅሱት። ጫማ ከካርቶኑ ውጭ የሚተው ካለም አትቆጡት፤ ጫማው ያረፈበትን እዩ።

ሲረጋጋ ወደ ብየዳ ቤት ሂዱ። ቀጭን ቱቦላሬ ለቋሚው፣ ለረድፉ ደግሞ ከዚያ ያነሰ በቂ ነው። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፀረ ዝገት ይቀባ፤ ይህን አፍ አውጥታችሁ ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እግሮቹ ላይ ጎማ ይግባ። የብየዳው ጫፍ በእጅ ሲዳሰስ የማይቧጭር መሆኑን እዚያው አረጋግጡ፤ ባዶ እግር የሚሮጥ ልጅ ነው የሚጠቀምበት። ቺፕውድ ርካሽ ቢሆንም ወለል በውሃ በሚታጠብበት ቤት ቶሎ ያብጣል። እንጨት ከመረጣችሁ መሬት የሚነካው እግር ብረት ይሁን፤ ምስጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የልጆቹን ማንጠልጠያ የያዘው ጣውላ ሲታሰር ከላዩ ባለው ግድግዳ ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ትርፍ ቀዳዳ አስበሱ። በየመስከረሙ ትምህርት ሲከፈት ልጁን እንደገና ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ለኩና ጣውላውን አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርጉት።